ከአያት ወዲያ ባለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ያገኘሁት የሚዛን ሕክምና

የራስ ማዞር ያለበት ሰው ወደ አንድ ቤት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ወለሉን ነው። ሴራሚኩ ያንሸራትት እንደሆነ፣ ደረጃው የእጅ መደገፊያ እንዳለው፣ አምፖሉ እየተርገበገበ ይበራ እንደሆነ፣ ወንበሩ ከግድግዳ ተጠግቶ እንደተቀመጠ አንድ በአንድ ያያል። ጤነኛ ሰው እነዚህን ነገሮች ልብ አይላቸውም፤ እኔም እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ድረስ ልብ ብያቸው አላውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ ከአያት ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በምትገኝ አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ያገኘሁትን አገልግሎት የሚመለከት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሼ የታከምኩት ከውስጠኛው ጆሮ ለሚነሳ የሚዛን መታወክ ነው። የክፍሏን ስም አልጠቀስኩም፤ ዋናው ፍላጎቴ ይህ ዓይነት ሕክምና መኖሩን የማያውቁ ሰዎች በየአካባቢያቸው ጠይቀው እንዲያገኙት ነው።

አገልግሎቱን ለመመዘን በምን ሁኔታ ላይ ሆኜ እንደሄድኩ መናገር ይኖርብኛል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የፈተና ወረቀት በማርምበት ወቅት አንድ ማለዳ ከእንቅልፌ ስነቃ የመኝታ ቤቴ ጣሪያ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞር ነበር። ዓይኔን ብጨፍንም መዞሩ አልቆመም፤ ትንሽ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ያስመልሰኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋ አልተነሳሁም። በአራተኛው ቀን ዙረቱ ሲቆም ዳንኩ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ መሬቱ እንደ ቀድሞው ጸንቶልኝ አያውቅም። ስራመድ በስፖንጅ ፍራሽ ላይ የምረግጥ ይመስለኛል፤ ጭንቅላቴን ሳዞር ዓይኔ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ወደ ማታ ሲሆን ጭው ይልብኛል። ቆይቶም ሌላ ነገር ተጨመረበት፤ አልጋ ላይ ስገላበጥ ወይም ከላይኛው መደርደሪያ የበርበሬ ዕቃ ለማውረድ ቀና ስል ለጥቂት ሰከንዶች ብርቱ ዙረት ይመጣና ይጠፋል።

የምኖረው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ብሎካችን ሊፍት የለውም። ለእኔ ደረጃ መውጣት ከመውረድ ይቀል ነበር፤ ስወርድ ወደ ታች ማየት ግድ ስለሚሆንብኝ አንዱ ደረጃ ከሌላው ጋር ይቀላቀልብኛል። መብራት በጠፋ ምሽት ግን መውጣቱም መውረዱም አንድ ነው፤ ግድግዳውን በሁለት እጄ እየዳሰስኩ፣ በየፎቁ እያረፍኩ እወጣ ነበር። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዓይን፣ ውስጠኛው ጆሮ፣ የእግር ጫማና መገጣጠሚያዎች ለአንጎል በሚያቀብሉት መረጃ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ጆሮው የተጎዳበት ሰው ዓይኑን ምርኩዝ ያደርገዋል፤ ጨለማ ደግሞ ያንን ምርኩዝ ይነጥቀዋል። ፊቴን በሳሙና ስታጠብ ዓይኔን በጨፈንኩ ቅጽበት ወደ ገንዳው የተደፋሁባቸው ቀናት ምክንያታቸው ይኸው እንደነበር ያኔ ማን ይንገረኝ? ልብስ ማስጣት ጎንበስ ቀና ማለት ስለሚጠይቅ ለእህቴ ልጅ ተውኩት። ጀበና ከከሰሉ ላይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ስላስፈራኝ ቡና ማፍላቱንም ተውኩ፤ ቡና ያላፈላች ሴት ቤት ደግሞ ጎረቤት ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይመጣል፤ ይህ በሽታ ሰውን ከሰው የሚለየው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ የነበረው ችግር ከቤቱ የባሰ ነበር። አስተማሪነት ከሰሌዳ ወደ ተማሪ፣ ከተማሪ ወደ ሰሌዳ መዞር ነው፤ አንድ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ ጭንቅላቱን እንደሚያዞር የቆጠረ ያለ አይመስለኝም። እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ ከሠላሳ በላይ ከሆነ ቀሪውን ሰዓት ጠረጴዛ ተደግፌ እጨርስ ነበር። በማለዳ ሰልፍ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቀና ማለት ስለማልችል መሬት መሬት እያየሁ እቆም ነበር። አንድ ቀን በግቢው ኮብልስቶን ላይ ስንገዳገድ ያየችኝ አንዲት ወላጅ፣ መምህርቷ ጠጥታ ነው የምትመጣው ብላ እንዳወራች ሰማሁ። ያ ወሬ እስከ ዛሬ ያመኛል። እጁ የተሰበረ ሰው ጀሶው ይመሰክርለታል፤ የውስጠኛው ጆሮ ሕመም ግን ከውጭ ምንም ምልክት የለውም።

መንገድም የራሱ ፈተና አለው። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መግባት፣ ከዚያም ከሾፌሩ ጀርባ ባለው መቀመጫ ወደ ኋላ ዞሮ መሄድ ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የከፋው ክፍል ነበር፤ ጋቢና ካላገኘሁ ሦስትና አራት ታክሲ አሳልፍ ነበር። ከአያት ወደ መገናኛ ስሄድ የከተማው ባቡር ከታክሲ ይሻለኝ ነበር፤ ቅርብ ያለውን ምሰሶ ትቼ ሩቅ ያለውን ተራራ ካየሁ ሳልታመም እደርሳለሁ።

ስለ ሕመሙ የሰማሁትን ሁሉ ብዘረዝር መጽሐፍ ይወጣዋል። ጎረቤት ደም ማነስ ነው አለ፤ ሌላው ምች ነው አለ። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ የተጠመቅሁበትን እምነቴን አልተውኩም፣ ሕክምናውንም አልተውኩም። በተለያዩ ክሊኒኮች የታይፎይድ መድኃኒት ወሰድኩ፣ ደም ግፊቴ ተለካ፣ በመጨረሻም ሲናሪዚን የሚባል የማዞር ማስታገሻ ታዘዘልኝና ስምንት ወር ያህል ያለማቋረጥ ዋጥኩት። ክኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ እንዲለኝ አደረገ እንጂ አላዳነኝም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. አንድ የአንገት በላይ ሐኪም ጊዜ ወስደው ከመረመሩኝ በኋላ እንዳስረዱኝ፣ እንዲህ ያለ ማስታገሻ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይጠቅማል፤ ለወራት ሲወሰድ ግን አንጎል የጎደለውን ሚዛን በራሱ እንዳይተካ ያዘገየዋል። ክኒኑን ቀስ በቀስ አስቆሙኝና በእጃቸው በጻፏት ወረቀት ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ። ፊዚዮቴራፒ ለወገብና ለጉልበት ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ተሳስተው እንዳይሆን ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኋቸው።

ክፍሏ ሁለት አልጋ፣ አንድ ረጅም መተላለፊያና አንድ የሚዛን መለማመጃ ስፍራ ያላት ጠባብ ቤት ናት። በመጀመሪያው ቀን የተቀበለችኝ ወጣት ባለሙያ ወደ አልጋው ከማስተኛቷ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገረችኝ፤ ከታመምኩ ጀምሮ ይህን ያህል ጊዜ የሰጠኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። “መምህርት፣ ማዞሩ ሲመጣ ለስንት ጊዜ ይቆያል? ሰከንድ ነው፣ ሰዓት ነው ወይስ ቀን?” ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ አብዛኛው መልስ የተገኘውም ከእሱ ነው። ለቀናት የቆየው የመጀመሪያው ዙረት የግራ ጆሮዬ የሚዛን ነርቭ ብግነት እንደነበረ፣ ስገላበጥ ለሰከንዶች የሚመጣው ግን ሌላ ችግር እንደሆነና ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ተከትሎ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ለሰዓታት የሚቆይ፣ ከጆሮ ጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋር የሚመጣ ማዞር ደግሞ ወደ ሜኒዬር በሽታ እንደሚያመለክት ጨመረችልኝ።

ውስጠኛው ጆሮ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳችኝ በላስቲክ ቱቦና በውኃ ነበር፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህን አቀራረቧን ከልብ አደነቅሁት። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ፤ ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና ዙረቱን ለአንጎል ያሳውቃል። ከቦዮቹ ሥር ባሉት ሁለት ከረጢቶች ውስጥ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ከሚሠራበት ከካልሲየም ካርቦኔት የሆኑ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች ተጣብቀው ይኖራሉ። እነዚህ ቅንጣቶች ከቦታቸው ተላቀው ወደ ቦይ ሲገቡ፣ ሰውየው ጎኑን በቀየረ ቁጥር ፈሳሹን እየገፉ ያልነበረ ዙረት ይፈጥራሉ። ከዚያም አፍንጫዋን እንዳይ አድርጋ ጭንቅላቴን በድንገት ወደ ግራ አዞረችው፤ ዓይኔ አፍንጫዋን ለቅቆ አብሮ ዞረና ተመለሰ። ወደ ቀኝ ስታዞረው ግን ዓይኔ ካለበት አልተነቃነቀም። የግራ ጆሮዬ ሥራውን መተዉ የታወቀው እንዲህ ባለ ቀላል ሙከራ ነው፤ ማሽን አላስፈለገውም።

ቀጥሎ የተደረገልኝ ዲክስ እና ሃልፓይክ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳወቁት ምርመራ ነው። ተቀምጬ ጭንቅላቴን ወደ ግራ 45 ዲግሪ አዞረችና ፈጠን አድርጋ በጀርባዬ አስተኛችኝ፤ ጭንቅላቴ ከአልጋው ጠርዝ በትንሹ ተንጠለጠለ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ጸጥታ ሆነ፣ ከዚያ ቤቱ ዞረ። እጄን ይዛ ዓይኔን እያየች “ይኸው መጣ፣ አሁን ያልፋል፤ ዓይንዎን አይጨፍኑ” ትለኝ ነበር። ጮኼ እንደነበር አልደብቅም። ዙረቱ ካለፈ በኋላ አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ወዳወጡት ሕክምና ተሻገረች፤ ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ አዞረች፣ ቀጥሎ ገላዬን በቀኝ ጎኔ አስተኝታ ፊቴን ወደ ወለሉ መለሰች፣ በየቦታው ዙረቱ እስኪቆም ካቆየችኝ በኋላ ቀስ ብላ አስቀመጠችኝ። ነገሩ በቦዩ ውስጥ የተበተኑትን ቅንጣቶች እያንከባለሉ ወደ ከረጢታቸው መመለስ ነው። ሁሉም ከአሥር ደቂቃ አልበለጠም። በሁለተኛው ቀጠሮ ደገመችልኝ። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ እንደ ልቤ ተገላበጥኩ፤ ለአንድ ዓመት በሦስት ትራስ ተደግፋ ያደረች ሴት ይህን ስትጽፍ ምን እንደሚሰማት አንባቢ ይገምትልኝ።

ነርቭ የጎደለበትን ሚዛን መመለስ ግን በእጅ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ አንጎል መማር አለበት። የዚህ ልምምድ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በእንግሊዝ አገር ካውቶርን እና ኩክሲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በጦርነት ጭንቅላታቸውን ለተጎዱ ወታደሮች ያዘጋጁት እንቅስቃሴ ነው። ለእኔ የተሰጠኝ እንዲህ ነበር፤ በካርቶን ላይ በትልቁ “ሀ” ብዬ ጽፌ በክንዴ ርዝመት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ፊደሉን ሳላደበዝዝ እያየሁ ጭንቅላቴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለአንድ ደቂቃ አወዛውዛለሁ፤ በቀን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ። መጀመሪያ ተቀምጬ፣ ቀጥሎ ቆሜ፣ ከዚያ ስፖንጅ ላይ ቆሜ፣ በመጨረሻም እየተራመድኩ። ስጀምር ከአሥራ አምስት ሰከንድ በላይ አልችልም ነበር፤ ያቅለሸልሸኛል። ባለሙያዋ በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚብስብኝ አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር አላቋረጥኩም። ማዞሩ በመጠኑ ካልተቀሰቀሰ አንጎል የሚማረው ነገር እንደሌለ፣ ከልምምዱ በኋላ ለሰዓታት ካልተወኝ ግን እንዳበዛሁት አስረድታኛለች። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ባሰብኝ ብሎ በሦስተኛው ቀን እንደሚተወው አልጠራጠርም፤ የክፍሏን ዋና ብልጫ ያገኘሁትም በዚህ ነው።

በመተላለፊያው ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ ከሌሎች ታካሚዎች ጋር ተዋውቀናል። አንዱ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ ሰው ነው። ጆሮው መጀመሪያ እንደ ፏፏቴ ይጮሃል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ለሦስት አራት ሰዓት ዓለም ይዞርበታል፤ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ መሪውን ትቷል። ሜኒዬር የተባሉት ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1861 እንዲህ ያለው ማዞር ከአንጎል ሳይሆን ከውስጠኛው ጆሮ ሊነሳ እንደሚችል ተናግረው ነበር፤ ይህን ወንድማችንን ግን ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላም የሚጥል በሽታ ነው እያሉ ያሸሹት ነበር። ሐኪሙ ጨው እንዲቀንስ አዝዘውታል፤ ባለቤቱ ለእሱ ብቻ በሌላ ድስት ሽሮ ትሠራለች። ሌላው ታካሚ ጄንታማይሲን የተባለውን የፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በመርፌ ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ በኋላ የሁለቱም ጆሮዎቹ ሚዛን የጠፋበት አዛውንት ነበሩ። ማዞር የላቸውም፤ ሲራመዱ ግን የሰው ፊት እንደ ተናወጠ ፎቶግራፍ እየዘለለ ስለሚታያቸው ሰላም የሚሉትን ሰው ለመለየት መቆም አለባቸው። ሰላምታ ነፈጉን ብለው የተቀየሟቸው ወዳጆች እንዳሉ ሲነግሩኝ የእኔን የትምህርት ቤት ወሬ አስታወስኩ።

ጉድለቶቿን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን አሳስታለሁ። ወደ ሁለተኛው ፎቅ የሚወስደው የመጨረሻው ደረጃ የእጅ መደገፊያ የለውም፤ የሚዛን ሕሙማን በሚወጡበት ደረጃ ላይ ይህ መሆን የለበትም። በመጠበቂያው ያለው ረጅም አምፖል ይርገበገባል፣ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ያሳያል፣ ወለሉ ነጭና ጥቁር ዳማ የመሰለ ሴራሚክ ነው፤ ሦስቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ገና ሳልታከም ያዞሩኝ ነበር። ለባለሙያዋ ስነግራት ቴሌቪዥኑን አስጠፋችልኝ፤ አምፖሉ ግን እስከ መጨረሻው ቀን አልተቀየረም። በዚህ ሕክምና የሠለጠነችው እሷ ብቻ ስለሆነች አንድ ቀን በሌለችበት የተተካው ሌላ ባለሙያ አንገቴን በሙቀት አሽቶ ሸኘኝ፤ የዚያ ቀን ክፍያ ያለ ጥቅም ሄደ። የቤት ልምምዱ ወረቀት በእንግሊዝኛ የታተመ ነው፤ አዛውንቱ ማንበብ ስላልቻሉ ወደ አማርኛ መልሼ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩላቸው፤ አንድ ቅጂም ለክፍሏ ሰጠሁ። የመስማት ምርመራ ስለሌላቸው የጆሮ ጩኸት ያለበት ሰው ለዚያ ወደ መሀል ከተማ መሄድ አለበት።

የመጀመሪያው ቀን 900 ብር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ 700 ብር ከፍያለሁ፤ በድምሩ 7,900 ብር ይሆናል። ለመምህር ደመወዝ ከባድ ነው። ባለሙያዋ ይህን ተረድታ ከአምስተኛው ቀጠሮ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ እንድመጣ አደረገችኝ፤ ቤት ውስጥ ከሠራሁ መምጣቱ እንደማያስፈልግ በግልጽ ነገረችኝ። ገቢዋን እየቀነሰች እውነቱን የምትናገር ባለሙያ ማግኘት እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ።

ውጤቱን በቁጥር ለማስቀመጥ ያህል፣ በመጀመሪያው ቀን አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጌ ዓይኔን ጨፍኜ የቆምኩት ለ4 ሰከንድ ነበር፤ በመጨረሻው ቀጠሮ 26 ደርሷል። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም። እንቅልፍ ያጣሁ ቀን፣ ጉንፋን የያዘኝ ቀን፣ ሾላ ገበያ ውስጥ ሰው በግራና በቀኝ ሲተላለፍ ያ የቆየው ጭውታ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ቆሜ አንድ ሩቅ ነገር አያለሁ፣ ያልፋል። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቀና ብዬ አያለሁ። በ2016 ዓ.ም. ስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ አልቅሼ ነበር፤ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ዓይኔን ሳልጨፍን፣ ፊት ለፊቴ ያለውን የምንጣፍ ጠርዝ እያየሁ፣ ቀስ እያልኩ ሰግጃለሁ። ስነሳ ነጠላዬን የያዘችልኝ እናቴ ነበረች።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው የምለው ይህ ነው። ማዞሩ በመጣ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደቆየና ምን ሲያደርጉ እንደጀመረ ለአንድ ሳምንት መዝግበው ይሂዱ፤ ከሚያስቡት በላይ ይረዳል። በመጀመሪያው ቀን ሊያስመልስ ስለሚችል ብዙ ሳይበሉ፣ ከሚደግፍዎ ሰው ጋር ይሂዱ። የሚወስዱትን ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቁሙ። ከማዞሩ ጋር አንደበት ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ወይም እጅ ከዛለ ወይም ፈጽሞ መቆም ካልተቻለ ፊዚዮቴራፒ ቦታው ስላልሆነ በፍጥነት ሆስፒታል ይድረሱ፤ አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ቢያቆምም እንዲሁ ሳይዘገዩ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይሂዱ። ቀጠሮ ሲሰጥዎ የጠዋቱን ይጠይቁ፤ የአሥራ አንድ ሰዓቱን ከወሰዱ ያንን መደገፊያ የሌለውን ደረጃ የሚወርዱት በጨለማ ነው።